ፑል ዳር አርቲፊሻል ሳር ላስነጥፍ ነው፣ ያነጠፋችሁ ምከሩኝ

ኦሎምፒያ_ልጅ
መስከረም 22

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች፣ ለመስቀል እንኳን አደረሳችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ኦሎምፒያ ገባ ብሎ ያለው የቤተሰብ ቤታችን ጓሮ አባቴ ነፍሱን ይማረውና ያሠራው ትንሽ ፑል አለ፣ 4 በ8 ሜትር ነው፣ ዙሪያውን 1 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው የድሮ ለስላሳ ሴራሚክ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ድሮ ሳር የነበረበት አሁን ግን ባዶ መሬት የሆነ ቦታ። ሐምሌ ላይ እማዬ ሴራሚኩ ላይ አዳልጧት ወደቀችና የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። 6 ሳምንት ጄሶ ታስሮላት አሁን ተፈቷል፣ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ጓሮ መውጣት ፈራች። ጠዋት ጠዋት ፑሉ ዳር ቁጭ ብላ ፀሐይ መሞቅ ትወድ ነበር፣ አሁን በረንዳ ላይ ሆና ከሩቅ ነው የምታየው። እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ዙሪያውን በሙሉ አርቲፊሻል ሳር ላስነጥፍ ወስኛለሁ፣ ሴራሚኩ 45 ካሬ አካባቢ መሬቱ ደግሞ 25 ካሬ ባጠቃላይ 70 ካሬ ይሆናል። ሻጩ ጋ ሄጄ ስጠይቀው ምንም ችግር የለውም መሬቱን ደልድለሽ ዘርግተሽ በሚስማር መምታት ነው በ1 ቀን ያልቃል አለኝ፣ እኔ ግን እንደዚህ ቀላል መስሎ አልታየኝም። ክሎሪኑስ አያበላሸውም? ሴራሚክ ላይ ይቻላል? ፀሐይስ? ያያችሁትን ንገሩኝ በናታችሁ።

ገረጋንቲ_01
መስከረም 22

እህቴ በመጀመሪያ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ሥራዬ ኮንስትራክሽን ነው፣ ይሄን ሳር ለግቢም ለካፌም ብዙ ቦታ አንጥፌያለሁ፣ ሻጩ ያለሽን እባክሽ አትስሚው። ሳሩ የሥራው ትንሹ ነገር ነው፣ ዋናው ከሥሩ ያለው ነው። ግቢሽ ጥቁር አፈር ከሆነ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል በጋ ደግሞ ደርቆ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ እዚያ ላይ ዝም ብለሽ ብትዘረጊው ዓመት ሳይሞላው እዚህ ጋ ጉብ እዚያ ጋ ጎድጎድ ይልና እናትሽን መልሶ የሚያደናቅፋት እሱ ይሆናል።

መሬቱን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ አስቆፍሪና አፈሩን አስወጪ፣ ጂኦቴክስታይል አንጥፊ (ያ ነጭ ብርድ ልብስ የሚመስለው ጨርቅ፣ ጠጠሩ ከጭቃው ጋር እንዳይቀላቀል ነው)፣ ከዚያ ገረጋንቲ ሞልተሽ ውሃ እያርከፈከፍሽ በኮምፓክተር አስጠቅጥቂ፣ በላዩ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ዜሮ ዜሮ (የተፈጨ ድንጋይ ብናኝ)። ሲያልቅ በላዩ ስትሄጂ የጫማሽ ምልክት መቅረት የለበትም፣ ከቀረ ገና ነው፣ ሠራተኞቹ ይበቃል ቢሉሽም ድገሙት በያቸው። ስሎፑ (ተዳፋቱ) በ1 ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ይውረድ፣ ግን ከፑሉ ወደ ውጭ! ወደ ፑሉ አይደለም።

ለምን ይሄን ያህል እንደምጨቀጭቅሽ ልንገርሽ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። አንድ የነሐሴ ከሰዓት 30 ሚሊ ቢጥል 70 ካሬ ላይ 2,100 ሊትር ማለት ነው፣ ትልቁን የ2,000 ሊትር ሮቶ ጓሮሽ ውስጥ ገልብጠሽው እንደማለት። ያ ውሃ የት ይሄዳል? መጀመሪያ ይሄንን መልሺልኝ። ነገ ጠዋት 1 ባልዲ ውሃ ሴራሚኩ ላይ ድፊና ወዴት እንደሚወርድ እይና ጻፊልን።

እናት_ዓለም
መስከረም 23

እኔ ሦስት ዓመት ሆኖኛል ካስነጠፍኩ፣ ፑላችን ከናንተም ያንሳል። የወደድኩትንም ያዘንኩበትንም ልንገርሽ እህት። የወደድኩት አያዳልጥም፣ ልጆቼ ከውሃ ወጥተው ይሮጣሉ እኔም እንደ ድሮው ልቤ አይሰቀልም፣ ጭቃ ወደ ቤት አይገባም፣ እግራቸውን ታጥበው ፑል ሲገቡ ውሃው ንጹሕ ነው።

ያዘንኩበት ሙቀቱ ነው። አዲስ አበባ ብርድ አገር ናት ምን ይሞቃል ብዬ ነበር፣ ግን ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባዶ እግር መርገጥ አይቻልም፣ ትንሿ ልጄ አልቅሳ በጣቶቿ ጫፍ እየዘለለች ስትመጣ ነው ያወቅኩት። ውሃ ብትረጪበት ይቀዘቅዛል ግን 20 ደቂቃ እንኳን ሳይቆይ መልሶ ይግላል። አሁን የምናደርገው ትልቅ ጃንጥላ ተክለን በጥላው ነው የምንሄደው፣ ለእማማም ጥላ አስቢላት።

ሌላው ቡና። እኔ ሳሩ ላይ ረከቦቴን ዘርግቼ ሳፈላ ከምድጃው አንዲት ፍም ዱብ አለች፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል። ሮጬ በጣቴ ብድግ አደረግኳት ግን ቀድሞውኑ ሳሩ ቀልጦ ጥቁር ቀዳዳ ሆኗል፣ ጠርዙ እንደ ብርጭቆ ደረቅ ብሎ እግር ይወጋል። ፕላስቲክ ነው እኮ። እዚያች ቦታ ላይ እስከ ዛሬ የአበባ ማሰሮ አስቀምጬባታለሁ።

የፑል_ሰው
መስከረም 23

የፑል ጥገና ነው የምሠራው፣ የክሎሪኑን ልመልስልሽ። በደንብ በተያዘ ፑል ውስጥ ክሎሪኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም ነው፣ ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.8፣ ይሄ ከዋናተኛ ገላ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ሳሩን ምንም አያደርገውም። የሚጎዳው ደረቁ ክሎሪን ነው፣ ዱቄቱ ወይ ታብሌቱ። ባልዲው ሳሩ ላይ ተቀምጦ ሲሰፈር ትንሽ ከተደፋ ልክ በረኪና የነካው ልብስ ነው የሚሆነው፣ ነጭ ነጥብ ነጥብ ይቀራል። ክሎሪኑን ሁልጊዜ ሲሚንቶ ላይ ሆነሽ ስፈሪ፣ ከተደፋም በብዙ ውሃ ወዲያው እጠቢ።

ከሳሩ በላይ የሚበተነውን ነገር ደግሞ ጠይቂ። ለኳስ ሜዳ የሚደረገውን ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ፑል አጠገብ እንዳታስገቢ፣ በእግር እየተጣበቀ ውሃ ውስጥ ይገባል ስኪመሩን (የውሃውን ላይ ቆሻሻ የሚስበውን) ይሞላል ፓምፑ ቅርጫት ውስጥ ትለቅሚዋለሽ፣ ሙቀቱንም ያባብሰዋል። የሲሊካ አሸዋ ይሻላል፣ ከፑሉ ጠርዝ ግማሽ ሜትር ድረስ ግን እሱም ባይኖር ጥሩ ነው። የወንዝ አሸዋ ርካሽ ነው ብለው ያመጡልሻል፣ አቧራው የሳሩን የውሃ ቀዳዳዎች ይደፍናል።

አሁን ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ሚስማሩን ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ግቢ ተጠራሁ፣ ፑሉ በየቀኑ ይጎድላል ትነት ነው እያሉ ሁለት ወር በቦቴ ውሃ ሲገዙ ኖረዋል። ባልዲ የፑሉን ውሃ ሞላሁና የፑሉ ደረጃ ላይ አስቀመጥኩ፣ የባልዲው ውስጥና የውጪው ውሃ እኩል እንዲሆን አድርጌ ሁለቱም ጋ በእስኪርቢቶ ምልክት አደረግኩ። በ24 ሰዓት የባልዲው ግማሽ ሳንቲ እንኳን አልጎደለም፣ የፑሉ ግን 3 ሳንቲ ወርዷል። ትነት ቢሆን ሁለቱም እኩል ነበር የሚጎድሉት። ሳሩን ገለጥን፣ ሳሩን ያነጠፉት ልጆች የመቱት 15 ሳንቲ ሚስማር ውሃውን ወደ ፑሉ የሚመልሰውን የፒቪሲ ቱቦ መሀል ለመሀል በስቶታል። ያን ቀን የሰውዬው ሚስት ሚስማሩን በእጇ ይዛ ስታገላብጠው አልረሳውም። እዚያው ቅርብ ደግሞ የፑሉ መብራት ገመድ ነበር፣ እሱን ቢያገኘው ኖሮ ስለ ውሃ ሳይሆን ስለ ሰው ነበር የምናወራው። ስለዚህ ቱቦውና ገመዱ የት የት እንደሚያልፍ ሳታውቂ አንድም ሚስማር እንዳይመታ፣ ከጠርዙ አጠገብ በማጣበቂያ ብቻ።

የግዮን_ዋናተኛ
መስከረም 24

ልጄ፣ ቅር አይበልሽና እኔ ተቃዋሚ ነኝ። እኛ በልጅነታችን ግዮን ሆቴል ፑል ዋኝተን ስንወጣ የምንደርቀው እርጥብ ሳር ላይ ተንጋለን ነበር፣ ያ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ሰርዶ ትከዪ። ሰርዶ ቢረገጥም ቢደርቅም ዝናብ ሲያገኝ መልሶ ይነሳል፣ ለዚህ አይደል የምንመርቅበት። ሕያው ሳር ውሃ ስለሚተነፍስ ፀሐይ ቢመታውም ለእግር ቀዝቃዛ ነው፣ ፕላስቲኩ ግን በጠራ ፀሐይ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከሥሩ ትሉ ይሞታል ወፉም አይመጣም። ለእንቁጣጣሽ እንኳ እርጥብ ሳር ከገበያ ገዝተን ቤት የምንጎዘጉዝ ሰዎች ጓሯችንን ፕላስቲክ ስናለብስ ያሳዝነኛል። ፕላስቲኩ ደግሞ ጉልበት ይልጣል።

ኦሎምፒያ_ልጅ
መስከረም 24

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ ያሉት ሁሉ ገብቶኛል እኔም ሳር ብተክል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው፣ ያም ሲመጣ ሌሊት ነው፣ የነበረው ሳር የሞተው ለዚህ ነው። በበጋ ለሳር ቦቴ መግዛት አልችልም። ሴራሚኩ ላይ ደግሞ ሰርዶ አይበቅልልኝም። እማዬ የምትረግጠው እሱን ነው።

ገረጋንቲ፣ ባልዲውን ደፋሁ። ዛሬ ጠዋት ከእማዬ ጋር ሆነን ነው ያየነው፣ እሷ በረንዳ ላይ ቆማ። ውሃው ትንሽ ቆም ብሎ ቀጥ ብሎ ወደ ፑሉ ነው የሄደው፣ ከዚያኛው ወገን ደግሞ መሀል ላይ ኩሬ ሠርቶ ቀረ፣ እማዬ "እዚያ ጋ ነው የወደቅኩት" አለችኝ። ያ ኩሬ የሠራው ቦታ ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ስንኖርበት አላየነውም።

ገረጋንቲ_01
መስከረም 24

አየሽ፣ ችግሩ ከመጀመሪያው የሴራሚኩ ስሎፕ ነው። አሁን በላዩ ሳር ብታለብሺው ኩሬው ሳሩ ሥር ይደበቃል እንጂ አይጠፋም፣ የማይደርቅ ውሃ ደግሞ ይሸታል ትንኝ ይጠራል።

የሳሩን ጀርባ ገልብጠሽ ብታዪው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፣ ውሃው በነሱ ነው የሚወርደው። ጠጠር ላይ ከሆነ ወደ ታች ይሰርጋል። ሴራሚክ ላይ ግን ጀርባው ሴራሚኩ ላይ ልጥፍ ስለሚል ቀዳዳው ይዘጋል፣ ውሃ መሄጃ ያጣል። ሁለት ምርጫ ነው ያለሽ። የሚሻለው ሴራሚኩን ነቅሎ ስሎፑን ወደ ውጭ አስተካክሎ አዲስ ሊሾ መጣል ነው። ገንዘቡ ካልበቃሽ ደግሞ ኩሬ የሚሠራበትን ብቻ በሊሾ ሞልተሽ፣ ከፑሉ ጠርዝ ኋላ ዙሪያውን ጠባብ ቦይ አስቆርጠሽ ግሪል አልብሰሽ ውሃውን በቱቦ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ከሳሩ ሥር ደግሞ ያንን እንቁላል መያዣ የሚመስለውን የፕላስቲክ ድሬኔጅ ምንጣፍ ማንጠፍ ነው፣ ሳሩን ትንሽ ከፍ አድርጎ ውሃ በሥሩ እንዲሄድ ያደርጋል፣ ለሚወድቅ ሰውም ልስላሴ ይጨምራል። እኔ ብሆን እናቴ የምትሄድበት ስለሆነ የመጀመሪያውን ነበር የማደርገው።

ጋሼ የግዮን ዋናተኛ፣ ጉልበት የሚልጠው የጥንቱ ናይለን ነው፣ በ1966 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አሜሪካ ሂውስተን ስታዲየም ውስጥ የተነጠፈው ዓይነት። አሁን ለግቢ የሚመጣው ባብዛኛው ፖሊኢትሊን ነው፣ ለቆዳ ለስላሳ ነው። ስለ ሙቀቱ ግን ያሉት እውነት ነው አልከራከርዎትም።

የግዮን_ዋናተኛ
መስከረም 25

እሺ የኔ ልጅ፣ ውሃ ከሌለማ ምን ይደረጋል። እንግዲያውስ ከ25 ካሬው መሬት ቢያንስ አንድ ጥግ ሕያው አስቀሪላት፣ ጤና አዳምና ጠጅ ሳር ትከዪበት። አንድ ጥግ ብቻ ስለሆነ ብዙ ውሃ አይጠይቅም፣ እናትሽም ለሻይዋ ትቆርጣለች።

ካዛንቺስ_ነኝ
መስከረም 26

ይሄን ውይይት ሳነብ አንድ ማንም ያልጠቀሰው ነገር አለ። የኛ ሳር አንደኛው ጎኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ እየተኮማተረ መጣ፣ ክሩ ፀጉር እሳት ሲነካው እንደሚሆነው ጥቅልል ይላል። ሻጩን ወቀስነው፣ ሠራተኛውን ወቀስነው። አንድ ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እዚያው ቆሜ ልብሴ ላይ ሙቀት ተሰማኝ፣ ቀና ስል ከማዶ የተሠራው ሕንፃ መስታወት ፀሐዩን ሰብስቦ ወደ ግቢያችን ይመልሰዋል፣ ብርሃኑ መሬት ላይ ያረፈበት መስመር ከተበላሸው መስመር ጋር አንድ ነው። አሁን በዙሪያችን መስታወት ያልሆነ ሕንፃ የለም፣ ስለዚህ ከማንጠፍሽ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ግቢሽ ውስጥ ነጸብራቅ የት የት እንደሚያርፍ እዪ። እኛ በስተመጨረሻ እዚያ ጋ ረጅም ቁጥቋጦ ተከልንበት።

በዚያ ላይ ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ከፍታ ሲጨምር የፀሐዩ ዩቪ ጨረር ይበረታል። ሳሩ ዩቪ የሚቋቋም ካልሆነ በሁለት በጋ ቀለሙ ገርጥቶ ክሩ በእጅ ሲታሽ ይበጣጠሳል። ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀበዪ፣ በቃል ያለሽን ሰው በኋላ አታገኚውም።

ኦሎምፒያ_ልጅ
ጥቅምት 3

ሰዎች እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ አጎቴ ገንዘብ ስለጨመረልን ሴራሚኩን ለመንቀል ወስነናል። ሳሩን በተመለከተ የክሩ ቁመት 30 ሚሊ የሆነውን ልግዛ ወይስ 40? ስፋቱ 2 ሜትርና 4 ሜትር አለ። ዝናቡ ደግሞ አልፎ አልፎ ገና ጠብ ጠብ ይላል፣ መቼ ብጀምር ይሻላል?

ገረጋንቲ_01
ጥቅምት 3

ለፑል ዳር 30 ይበቃል፣ 40ው ያምራል ግን ይተኛል፣ ውሃም ይይዛል፣ ለትልቅ ሰው እግርም ይከብዳል። ባለ 4 ሜትሩን ውሰጂ መገጣጠሚያው ይቀንሳል፣ የሚላቀቀው ሁሌ መገጣጠሚያው ነው። ጥቅል ስትገዢ የምርት ቁጥሩንም እዪ፣ ከተለያየ ጊዜ የተመረተ ከሆነ አረንጓዴው አንድ አይሆንም።

ቁፋሮና ሊሾ አሁን ጀምሪ፣ ማጣበቅ ግን ኅዳር ላይ። እርጥብ ሊሾ ላይ ማጣበቂያ አይይዝም። ተራ ማስቲሽ እንዳታስገቢ፣ ዝናብ ሲመታው ይለቃል፣ ፖሊዩሪታን በይ። ሳሩን ዘርግተሽ ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ተዪው እጥፋቱ ይለቃል፣ ሲቆረጥ ከጀርባው በከተር ነው፣ ከፊቱ ከቆረጡት ክሩን ይላጩታል። የክሩ አቅጣጫ በሁሉም ጥቅል አንድ ወገን ይሁን፣ አንዱ ጥቅል ከተገለበጠ ሌላ ቀለም ይመስላል ያ ደግሞ ከተጣበቀ በኋላ አይታረምም። አቅጣጫውን እናትሽ ወደምትቀመጥበት በረንዳ አድርጊው፣ ክሩ ወደሚያየው ሰው ሲያጋድል ነው ሙሉ ሆኖ የሚታየው።

ኦሎምፒያ_ልጅ
ሚያዝያ 27

እንደጠፋሁ አትዩብኝ፣ የክረምት ያህል ባይሆንም የበልግ ዝናብ እስኪፈትነው ድረስ ዝም ብዬ ነው። ሥራው ኅዳር 19 አለቀ። ሴራሚኩ ተነቅሎ ሊሾው በውሃ ልክ እየተለካ ነው የተሠራው፣ እኔም እያንዳንዱ ሜትር ላይ ቆሜ አየሁት፣ አንድ ወገን ላይ ስሎፑ ጠፍቶ አስደገምኳቸው ትንሽም ተቆጡኝ። የፑል ሰው እንዳለው ቱቦውን ፈልገን በኖራ መሬቱ ላይ ምልክት አደረግንበት፣ አባቴ ያስቀመጠው የድሮ ፕላን መሳቢያ ውስጥ ተገኘ፣ በእጅ ጽሑፉ "ቱቦ እዚህ" ይላል። ያንን ሳይ አለቀስኩ።

እናት ዓለም የነገርሽኝን ፍም አልረሳሁም፣ ጃንጥላው ሥር 1 ሜትር በ1 ሜትር ሻካራ ድንጋይ አስነጥፌ ለቡና ብቻ ተውነው። ጋሼ፣ ጥጉ ላይ ጠጅ ሳሩ አለ፣ ጤና አዳሙም ይዟል።

ባለፈው ሳምንት ያ በረዶ የቀላቀለው ዝናብ ሲመጣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እማዬ ደወለችልኝ፣ ልቤ ደነገጠ። "ነይና እዪው፣ ውሃው ሁሉ ወደዚያ ሄደ፣ ፑሉ አልደፈረሰም" ነው የምትለው። ማታ ስደርስ በረዶው ገና ሳሩ ጥግ ላይ ነጭ ሆኖ ነበር፣ እሷ ጫማዋን በረንዳ ላይ ትታ ወንበሯን ፑሉ ዳር አድርጋለች።

አንድ ነገር ብቻ፣ መሰላሉ አጠገብ መዳፍ የምታህል ጥግ ተነስታለች፣ እግር ታጠልፋለች ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?

ገረጋንቲ_01
ሚያዝያ 27

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! እሷ ቀላል ናት፣ ግን ዛሬ ነገ አትበይ፣ እስከዚያ ወንበር ወይ ማሰሮ አቁሚበት እናትሽ እንዳትረግጠው። ዝናብ በሌለበት ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ገልጠሽ ሥሩን በብሩሽ አጽጂ፣ የድሮውን ማጣበቂያ ቅርፊት ፋቂው፣ በጨርቅ አድርቂና ፖሊዩሪታኑን ስስ አድርገሽ ቀቢ። በላዩ ጠፍጣፋ ጣውላ አድርገሽ ድንጋይ ጫኚበትና 24 ሰዓት አትንኪው። በመሰላሉ በኩል የሚወጣ ሰው ውሃ ሁሌ እዚያች ጋ ነው የሚያራግፈው፣ ለዚህ ነው የተነሳችው፣ ጠርዟን 1 ሳንቲ ከመሰላሉ እግር አርቀሽ ቁረጫት።

ኦሎምፒያ_ልጅ
ሚያዝያ 28

እሺ፣ ቅዳሜ ጠዋት እሠራዋለሁ። ለጊዜው የእማዬን ትልቁን የበሶብላ ማሰሮ አቁሜበታለሁ።